ለብ ለብ

እናቴ በስሜ ከጠራችኝ ይልቅ «አርፈሽ ተቀመጪ» ያለችኝ ይበልጣል። ምግብ ቀርቦ እቆማለሁ፤ ስልክ ሳወራ ከሳሎን ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ደርሼ እመለሳለሁ፤ እጄ ባዶ ከሆነ አንድ ነገር ካላነሳሁ አይሆንልኝም። መሥሪያ ቤትም በገባሁ በሳምንቴ «እንዝርት» ብለው ሰየሙኝ። ስሙ አልከፋኝም። የሚያናድዱኝ ቁጭ ብለው እያዩኝ «ምን ያዞርሻል?» የሚሉኝ ናቸው። እነሱን ምን ያስቀምጣቸዋል?

ያን ቀን ግን ብዞር የሚፈረድብኝ አልነበረም። የምሠራው የዳቦ እርሾ በሚያመርት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከምሳ በኋላ ሥራ አስኪያጁ መጥቶ «አሮጊቷን» ሊፈትን ቀጠሮ ይዟል። ካለፈች ትኖራለች። ከወደቀች በዚያው ዕለት ተቀቅላ ወደ ቆሻሻ መውረጃው ትፈስሳለች።

አሮጊቷ የምንላት ሰው አይደለችም፤ የእርሾ ዘር ናት። የመጣችውም ከእናቴ ቡሃቃ ነው። እናቴ ዳቦ ስትጋግር ቡሃቃውን ሙልጭ አድርጋ አታጥብም ነበር። ከታች ትንሽ ሊጥ ታስቀራለች፤ የሚቀጥለውን የምታነሳው በእሷ ነው። እሷም ከእናቷ ያየችው እንዲሁ ነው። እኔ ነገረኛዋ አንድ ቀን ጥፍር የምታክል ሊጥ ቆንጥሬ ላቦራቶሪ ወሰድኩና አንዲት ሴል ለይቼ አራባኋት። ሊጥ ስታነሳ የሚደርስባት ጠፋ። ፋብሪካው ደስ ብሎት መዘገባት፤ እኔም ከላቦራቶሪው አንዲት ጠብታ እንደማላወጣ ፈረምኩ። ስፈርም ስቄያለሁ። ቡሃቃው እቤቴ እያለ ጠብታ ምን ያደርግልኛል?

ከዚያ እናቴ ታመመችና ሆስፒታል ተኛች። የወንድሜ ሚስት ቤቱን ልትጠብቅልን መጣች። ደግ ሴት ናት፤ ቁጭ ብላ መዋል ነውር ይመስላታል። መጋረጃውን አጠበች፣ መስኮቱን ወለወለች፣ በመጨረሻም ከሥሩ የደረቀ ሊጥ የያዘ ቡሃቃ አገኘችና በፈላ ውሃና በሳሙና ፈትጋ ፀሐይ ላይ ደፋችው። ምን እንዳደረገች እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ማንም አይነግራትም። እናቴ ከሆስፒታል ስትመለስ ክዳኑን አነሳች፣ ውስጡን አየች፣ መልሳ ከደነችው። አንድ ቃል አልወጣትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳቦ ከሱቅ ነው የምናስመጣው። እኔ ማታ ስገባ ግን፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «እንዴት ዋለች?» ትለኛለች። የእኔን አዋዋል አይደለም የምትጠይቀኝ።

ነገሩን ያበላሸው የአሮጊቷ ጠባይ ነው። እርሾ በፓኬት የሚታሸገው በሞቀ አየር ከደረቀ በኋላ ሲሆን አሮጊቷ ደግሞ ሙቀት አትችልም። አንዲት የእርሾ ሴል እጅም እግርም የላትም፤ እሳት ሲመጣባት ሮጣ አታመልጥም። እኔ ብሆን በፈነዳሁ። ውስጧ በፕሮቲን የተሞላ ነው፤ እያንዳንዱም በልኩ ታጥፎ ካልተቀመጠ ሥራውን አይሠራም። ሙቀት ሲበረታ እጥፉ ይፈታል፤ የተፈታው አጠገቡ ካለው ጋር ይጣበቃል፤ መጥበሻ ላይ እንደወደቀ የእንቁላል ውኃ ነጭ ሆኖ ይረጋል። የተጠበሰ እንቁላል ደግሞ ተመልሶ ጥሬ ሲሆን ያየ የለም።

ይሁንና ከትልቁ ሙቀት በፊት ትንሽ ሙቀት ከቀመሰች ነገር እንደመጣባት ይገባታል። ሌላ ሥራዋን ትታ ጠባቂ ፕሮቲኖች ማምረት ትጀምራለች። እኛ «ሚዜዎች» እንላቸዋለን። ሊፈታ የጀመረውን ፕሮቲን ግራና ቀኝ ይዘው ከማንም ጋር እንዳይጣበቅ ይጠብቁታል፤ ሲበርድለት መልሶ እንዲታጠፍ ይረዱታል፤ ተጣብቆ ያለቀለትን ሳይቀር የሚያላቅቁ አሉ። ሚዜዎቿን አስቀድማ ያሰለፈች ሴል ሃምሳ ዲግሪ ውስጥ ገብታ በሕይወት ትወጣለች። ስለዚህ አሮጊቷን ወደ ትልቁ ሙቀት ከመላካችን በፊት ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ያህል እናቆያታለን። ሥራውን «ለብ ማድረግ» ብለን እንጠራዋለን፤ ሌላ ስም አላወጣንለትም።

ከቀናት በፊት ሥራ አስኪያጁ ላቦራቶሪ መጥቶ ይህን ስነግረው ፊቱን አኮማተረ። «ይሄ ለብ ለብ የምትሉት ነገር በብልቃጥ ያምር ይሆናል» አለኝ። «እኔ ግን ለብ ማድረጊያ ጋን የለኝም። አዲስ ጋን የምተክልበት ቦታም የለኝም። አሮጊትሽ እንዳለች ትችል እንደሆነ አሳዩኝ፤ ካልቻለች ማቀዝቀዣ ክፍሉን ለሌላ እፈልገዋለሁ።» እኔም ዓይኑ ካየ ልቡ ይራራል ብዬ ሁለት ብልቃጥ ልፈትንለት ወሰንኩ፤ አንዱ ለብ የተደረገ፣ አንዱ ያልተደረገ። ልዩነቱን ራሱ በማይክሮስኮፕ ያየዋል።

ጠዋት ስገባ ጸጥታ ቀድሞኝ ነበር። ጸጥታ አብሮኝ የሚሠራው ቴክኒሻን ነው፤ ስሙን ያገኘው ሲያስነጥሰው እንኳ ይቅርታ ስለሚጠይቅ ነው። እኔ ለሁለታችን አወራለሁ፣ እሱ ለሁለታችን ይቀመጣል፤ እንዲህ ተቻችለን እንኖራለን። ከማቀዝቀዣ ክፍል ሦስት ብልቃጥ አወጣን፤ ሦስተኛው መጠባበቂያ ነው። ገና መጠባበቂያውን አንስቼ ምልክት ልጽፍበት ስል ስልኩ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ከፈተናው በፊት ሊያነጋግረኝ ይፈልጋል፤ አሁኑኑ ልምጣ።

ደሜ ፈላ። በዚህ ሰዓት ምን ወሬ አለ? ነጭ ካፖርቴን አውልቄ በሩ ላይ ሰቀልኩና ወደ ጸጥታ ዞሬ እንዲህ አልኩት፦ «ሥራውን አንተ ጀምረው። ደግሞ ዛሬ ለብ ለብ የሚባል ነገር እንዳላይ! ሰማኸኝ?»

«ዛሬ?» አለ ጸጥታ።

«ዛሬ! በጭራሽ!»

«እሺ» አለ።

እኔ ማለቴ «ዛሬ የይድረስ ይድረስ ሥራ አልፈልግም፣ በደንብ ሥራው» ነበር። ንግግሬ የቱጋ ሄዶ እንዳረፈ ለማየት ዘወር አላልኩም።

የሥራ አስኪያጁ ቢሮ በሌላው ሕንፃ ፎቅ ላይ ነው። ስደርስ ጸሐፊዋ አለቃዋ ስብሰባ ላይ መሆናቸውን ነገረችኝና ወንበር አሳየችኝ። ወንበሩ ላይ ቂጤን ሳላሳርፍ ተነሳሁ። በዚያን ጊዜ ነው መጠባበቂያው ብልቃጥ እጄ ላይ እንዳለ ያየሁት። ጣት የምታክል ብልቃጥ ናት፤ ክዳኗ ጥብቅ ነው። ከላቦራቶሪ ጠብታ ይዞ መውጣት ክልክል መሆኑ ትዝ ሲለኝ ክው አልኩ። ቀሚሴ ኪስ የለውም፣ ቦርሳዬ እታች ቀርቷል። ጸሐፊዋ ወደ ማሽኗ ስትዞር ብልቃጧን በአንገቴ በኩል ሰድጄ በብብቴ ሥር ሸጎጥኳት፤ ክንዴንም ጫን አድርጌ ያዝኳት።

ከዚያ መዞር ጀመርኩ። ከደረጃው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ ደረጃው። ከመስኮቱ የእኛ ሕንፃ ይታያል፤ ጎኑ ላይ ያ ሁሉን የሚቀቅለው የእንፋሎት ማሽን ጭሱን ይለቃል። እናቴን ማታ ምን ብዬ ልያት ነው? ቡሃቃው ሲታጠብ ዝም አለች። ይሄኛውንም ሰምታ ዝም ትላለች፤ እኔን የሚገድለኝ ያ ዝምታዋ ነው። ብትጮህብኝ፣ ብትረግመኝ በወደድኩ።

«እህቴ» አለች ጸሐፊዋ በመጨረሻ፣ «ወለሉን ጨረስሽው እኮ። አረፍ በይ እንጂ።»

«ወለሉ ምን ሆነ? አልጮኸ!»

«አንቺ ጩኺልኝ ብሎኝ ነው» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ስብሰባው እስኪያልቅ ጠዋቱ አለቀ። ሥራ አስኪያጁ ሲወጣ ጃኬቱን ለብሷል፤ ለካ የሚፈልገኝ በእግረ መንገድ ሊያወራኝ ነው። «ነይ እየሄድን እናውራ» አለ። የሚያወራው ግን ምንም አልነበረም፤ ከሰዓት በኋላ መኪና እንደሚጠብቀው፣ ፈተናው ከምሳ በፊት እንዲሆንለት ብቻ ነገረኝ። ጠዋት በስልክ ቢነግረኝ ምን ነበረበት! ጥርሴን ነክሼ ተከተልኩት።

ላቦራቶሪ ስንደርስ ጸጥታ ሁሉን አሰናድቶ ቆሟል። ሁለቱ ብልቃጦች ከሃምሳ ዲግሪው ሙቅ ውሃ ወጥተው ቀዝቅዘዋል፤ ማይክሮስኮፑ በርቷል። ናሙናዎቹ ላይም ሰማያዊ ቀለም ጠብ አድርጓል። የዚህ ቀለም ነገር ቀላል ነው፤ ሕያው ሴል ቀለሙን ታጠፋዋለችና ጥርት እንዳለች ትቀራለች፤ የሞተችው ግን ሰማያዊ ትሆናለች። መጀመሪያ እኔ ጎንበስ አልኩ።

ሰማያዊ። ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ። ይሄ ለብ ያልተደረገው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁና ሁለተኛውን ተካሁ። እሱም ሰማያዊ። መስታወቱን ወዲያና ወዲህ አመላለስኩት፣ አንዲት ጥርት ያለች እንኳ ፈለግኩ።

«የቱ ነው ለብ የተደረገው?» አልኩት ጸጥታን።

ጸጥታ ግራ ተጋብቶ አየኝ። «አንዱም» አለ።

«እንዴት አንዱም?»

«ዛሬ ለብ ለብ የሚባል ነገር እንዳላይ አልሺኝ እኮ።»

«እኔ ለብ ለብ ያልኩህ... አንተ ሰውዬ! ሥራውን ለብ ለብ አታድርገው፣ በደንብ ሥራው ማለቴ ነው እንጂ!»

«እኔ ደግሞ ባለፈው እሳቸው ለብ ለብ አልፈልግም ሲሉ...» ወደ ሥራ አስኪያጁ አመለከተ። «እሺ ብለሽላቸው መሰለኝ። ‹ዛሬ?› ብዬ ጠየቅኩሽ። ‹በጭራሽ› አልሺኝ።» ፊቱ ደም መሰለ። ጸጥታ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምን ልበለው? «ዛሬ?» ብሎ ጠይቆኛል። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ቆም ብዬ የሰው ፊት ባየው ኖሮ አሮጊቷ ዛሬ አትሞትም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። «እንግዲህ አየን» አለ። ክፋት አልነበረበትም፣ ደክሞት ነው። «አንቺም ለፍተሻል። ክፍሉን ዛሬውኑ አስለቅቁልኝ።»

«አንድ ሰዓት ይስጡኝ» አልኩት። «ሌላ አውጥቼ ለብ አድርጌ...»

«መኪና ይጠብቀኛል አልኩሽ።»

ልለምነው ሁለት እጄን ወደ ፊት ስዘረጋ ክንዴ ላላና አንድ ነገር በጎኔ ተንሸራተተ። ያዝኩት። ብልቃጧ! ከአንገቴ ሥር እጄን ሰድጄ ሳወጣት ሥራ አስኪያጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ብልቃጧ ሞቃለች። ጉንጬ ላይ አደረግኳት። ጠዋቱን ሙሉ በብብቴ ሥር ነበረች፤ የሰው ገላ ደግሞ ስንት ዲግሪ ነው?

«ጸጥታ» አልኩ፣ «ይቺ መጠባበቂያዋ ናት። ጠዋቱን ሙሉ እኔ ጉያ ውስጥ ነበረች።»

ጸጥታ አንድ ጊዜ አየኝ፣ አንድ ጊዜ ብልቃጧን። «ሠላሳ ሰባት» አለ፤ ቃሉን ሳይጨርስ ከእጄ ነጥቆ ወደ ሙቅ ውሃው ሮጠ። ጸጥታ ሲሮጥም አይቼው አላውቅም።

«ዐሥር ደቂቃ ብቻ» አልኩት ሥራ አስኪያጁን። «ከሁለቱ ጋር አንድ ቀን የተዘራች ናት፤ የምትገባውም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ከዚህች በኋላ ቃል አይወጣኝም፤ ራሴው እቀቅላታለሁ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኔ ከበሩ እስከ መታጠቢያው፣ ከመታጠቢያው እስከ በሩ። በውስጤ እጸልያለሁ ልበል? ለሚዜዎች የሚጸልይ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ያዙት፣ እንዳይፈታ ያዙት፣ እላለሁ። ሥራ አስኪያጁ በዓይኑ ሲከተለኝ አንገቱ ደከመውና ተወኝ።

ጸጥታ አውጥቶ አቀዘቀዛት፤ ቀለም ጠብ አደረገ፤ መስታወቱን አስገባ። እኔ መቅረብ አልቻልኩም። «አንተ እይ» አልኩት። ጎንበስ አለ። ሲቆይብኝ ልጮህበት ስል ቀና ሳይል እጁን አንስቶ ሥራ አስኪያጁን ጠራው።

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ አየ። «እነዚህ ጥርት ያሉት ምንድን ናቸው?»

«ሕያዋን» አለ ጸጥታ።

«ብዙ ናቸው እኮ።»

ገፍቼው አየሁ ብል ማጋነን አይሆንም። እዚህም እዚያም ሰማያዊ አለ፤ የቀሩት ግን እንደ ጠዋት ጤዛ ጥርት ብለው ተበትነዋል። እንባዬ መጣና ማየት አቃተኝ። አሮጊቷ ወደ እሳቱ የገባችው ሚዜዎቿን አስከትላ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ግን ሥራ አስኪያጅ ነው። «ጥሩ» አለ። «እኔ እንግዲህ ጋኑን ሙሉ እርሾ በሠራተኛ ብብት ልሸጉጥ ነው?»

ቀድሜ ሳቅኩና ሳቄ ራሱ መልሱን አመጣልኝ። «እኔ ምድጃ ነበረኝ? በገላዬ ሙቀት ነው። እርሾውም ጋን ውስጥ ሲራባ በራሱ ይሞቃል፤ ለዚያም አይደል ቀንና ሌሊት ውሃ እያዞርን የምናቀዘቅዘው? ወደ ማድረቂያው ከመሄዱ በፊት ማቀዝቀዣውን ለጥቂት ጊዜ እንዝጋው። ራሱን ለብ ያደርጋል። አዲስ ጋን አያስፈልግም።»

ጥቂት አሰበ። መነጽሩን አደረገ። «አንድ ጋን እንሞክራለን» አለ። «ክፍሉ ይቆይ።»

ልስመው ምንም አልቀረኝም። ግን ሌላ ነገር ነበረብኝና፣ ሳልፈራ ሳላፍር ነገርኩት። የእናቴን ቡሃቃ፣ የወንድሜን ሚስት፣ «እንዴት ዋለች?» የሚለውን ጥያቄ። «የፈረምኩት ወረቀት አለ፣ አውቃለሁ» አልኩት። «ግን ከዚህች ብልቃጥ የተረፈውን ለእናቴ ልውሰድላት።»

ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። «ከላቦራቶሪ ጠብታ አይወጣም» አለ። «ቢሮዬ ግን ከላቦራቶሪው ውጭ ነው አይደል? ቅድም ይዘሻት መጥተሻል። አንዴ የወጣችውን እንዴት አድርጌ ነው አትውጪ የምላት?» ብሎ ሄደ።

ማታ ስገባ እናቴ ወንበሯ ላይ ነበረች። «እንዴት ዋለች?» አለች፣ ጫማዬን ሳላወልቅ።

እጄን ወደ ጉያዬ ሰደድኩ። «ራሷን ጠይቂያት» አልኩና ብልቃጧን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት።

ወደ መብራቱ አድርጋ አየቻት። ምን እንደሆነች መናገር አላስፈለገኝም። ተነሳች፤ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ሳትደገፍ ስትነሳ ያን ጊዜ አየኋት። ቡሃቃውን ከመደርደሪያው አወረደች፣ ዱቄት ጨመረችበት። «ለብ ያለ ውሃ አምጪ» አለችኝ። «እንዳታሞቂው፣ ለብ ያለ።»

«አውቃለሁ እማዬ» አልኩ።

አቡክታ ከደነችው። ከዚያ መቀመጥ አቃታት። ክዳኑን ታነሳለች፣ ታያለች፣ ትከድናለች፤ መስኮቱ ጋ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፤ ሹራብ አምጥታ ቡሃቃውን ትሸፍናለች፣ መልሳ ትገልጣለች። «እሳት አይታ የመጣች ናትና ቶሎ አትነሳም፣ ጊዜ ስጫት» ብላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ራት ቀርቦ አልበላችም። እኔ ማለት እኔ ዞረብኝ።

«እማዬ» አልኳት፣ «ኧረ አርፈሽ ተቀመጪ!»

ቆመችና ገላመጠችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ከታመመች ወዲህ ያልሰማሁትን ሳቅ። ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ቡሃቃውን ከነሹራቡ አንስታ ጉያዋ ውስጥ አስገባችው። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። እኔ ሰሃኖቹን ለማንሳት ወዲያ ወዲህ ስል እጇን አነሳችብኝ።

«ዝም በይ» አለች በሹክሹክታ። «መጣች። እየሰማኋት ነው።»

ሰሃኑን እንደያዝኩ ባለሁበት ቆምኩ።